በሮስተር ላይ «ሰነፍ» ስለሚባሉ ልጆች
(በዲላ ለተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)

የኅብረቱ ጸሐፊ ስለ ሥነ ልቡናና ስለ ትምህርት ቤት ጥቂት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ከቤተ መጻሕፍት አንድ ሁለት መጽሐፍ አውጥቼ የታላላቅ ሊቃውንትን አሳብ ለመተረክ ነበር። ነገር ግን ይህን በየክፍላችሁ ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ያየሁትን፣ ይልቁንም የተሳሳትኩትን ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ መጥቻለሁ። ነገሩ ስለ አንዲት የኢዲዶ ልጅና እኔ በስሟ አንጻር ስለ ጻፍኩት አንድ ቃል ነው።

ኢዲዶን የማያውቅ ቢኖር፣ ከዲላ ወደ ደቡብ፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ስሟ ከእኛ ይልቅ በባሕር ማዶ ቡና ቆዪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ገበሬው ቡናውንና እንሰቱን በአንድነት፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለማል። ይህ የጌዴኦ የአስተራረስ ባህል ያረፈበት መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል። ሁላችንም ደስ ብሎናል። መሬቱ ግን ጠባብ ነው፤ ሕዝቡም ብዙ ነው፤ ቡናው ሲቀላ የቤቱ ሰው ሁሉ እጅ ይፈለጋል። የልጆችም እጅ ጭምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ በታኅሣሥ ወር ለልምምድ ወደዚያ አካባቢ ሄጄ በአንድ ትምህርት ቤት ለ5ኛ ክፍል ልጆች የሒሳብ ፈተና ሰጠሁ። ትእዛዙን የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር። ከ10ሩ ጥያቄዎች አንዱ 42.5ን በ40 ማባዛት ነው። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ 17,000 ብላ ጻፈች፤ ነጥቧን ረስታታለች ማለት ነው። በጠቅላላውም ከ10 ያገኘችው 2 ነው። እኔም በማስታወሻዬ በስሟ አንጻር «ሰነፍ፤ ትኩረት የላትም፤ ከትምህርት ቤት ትቀራለች» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፍርድ በአንድ መስመር! ዳኛ እንኳ ምስክር ሳይሰማ እንዲህ አይቸኩልም። ይባስ ብዬ ማስታወሻውን ለክፍሉ ኃላፊ ሰጠሁት። እርሱም ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው የጻፈው ነው ብሎ አመነኝና ልጅቷን ከፊተኛው ወንበር ወደ ኋላ ረድፍ አዛወራት።

ቅዳሜ ዕለት ጌዴኡፋ ከሚናገር ጓደኛዬ ጋራ እሸት ቡና ወደሚረከቡበት ስፍራ ወረድን። ያች ልጅ ከወንድሟ ጋራ ተሰልፋ ቆማለች። ወንድሟ ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ ሲያስመዝን 26 ኪሎ ተኩል ሆነ። በዚያ ሰሞን ኪሎው በ40 ብር ይሸጥ ነበር። ተረካቢው በስልኩ ሒሳቡን ገና ሲነካካ እርሷ ቀድማ «1,060 ብር» አለች። እኔ ደነገጥኩ። እንዴት እንዳገኘችው ጓደኛዬ ቢጠይቃት «10 ኪሎ 400 ነው፤ ሌላ 10 ሲጨመር 800፤ ስድስቱ 240፤ ግማሿ 20» ብላ በጣቷ ቆጥራ አስረዳችን። ጓደኛዬም የእኔኑ ጥያቄ በቡና ለውጦ «42 ኪሎ ተኩል ቢሆንስ?» አላት። ጥቂት ወደ ላይ ተመለከተችና «1,700» አለች። ወረቀቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ 17,000 የሚለውን ባሳየኋት ጊዜ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። ጓደኛዬ የተረጐመልኝ እንዲህ ብሎ ነው፤ «ቲቸር፣ ቡና መሆኑን መቼ ነገሩን?»

እንግዲህ በዚያች ሰዓት የፈተነችው እርሷ፣ የወደቅሁት እኔ ነበርኩ።

ወደ ዲላ ከተመለስኩ በኋላ ሳነብ፣ ይህ ነገር በእኔ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን አገኘሁ። በብራዚል አገር በሬሲፌ ከተማ ካራሄር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከሽሊማን ጋራ ሆነው በገበያ የሚነግዱ አምስት ልጆችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመዋል። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ እንደ ገዢ ሆነው ኮኮናት ይሄን ያህል ብወስድ ስንት ነው፣ መልሱስ ስንት ይሆናል እያሉ ጠየቁ። ልጆቹ ከ100 ጥያቄ 98ቱን ያህል አወቁ። ቆይቶ ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ አድርገው ሲሰጧቸው ያወቁት 37 ከመቶ ያህሉን ነው። ልጆቹ እነዚያው፣ ቁጥሩም ያው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። ሮበርት ሰርፔል ደግሞ የዛምቢያና የእንግሊዝ ልጆች ያዩትን ቅርጽ አስመስለው እንዲሠሩ ባደረገ ጊዜ፣ በእርሳስ ሥዕል የእንግሊዞቹ በለጡ፤ በሽቦ ግን የዛምቢያዎቹ በለጡ፤ በጭቃ እኩል ሆኑ። የሉሳካ ልጆች የሽቦ መኪና ሠርተው ይጫወታሉና ነው። የእኛስ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ አይሱዙ ሲሠሩ አላየንምን? በየትኛው ፈተና ማርክ አግኝተውበታል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠንቀቅ። ቡና ለቀማ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጆች በገበያ ያደጉ እንደ ሆነ ይበቃቸዋል የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋራ አይደለሁም። ያች ልጅ በቃሏ የምትሠራው በአሥርና በግማሽ የሚከፈለውን ነው። 42.37ን በ38.6 አባዢ ብትባል ጣቷ አያወጣትም፤ ለዚያ የወረቀቱ ዘዴ የግድ ያስፈልጋታል። እኔ የምለው፣ የወረቀቱን ዘዴ አለማወቅና ማሰብ አለመቻል የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ በአንድ ቃል አይጻፉ ነው።

ታዲያ የወረቀቱን ዘዴ ለምን አላወቀችውም? መልሱ በስም መጥሪያው መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን አስቀድሜ አልከፈትኩትም። የነጥብ ቁጥር ትምህርት በኅዳር ወር በሁለት ሳምንት ተሰጥቶ አልቆአል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጅቷ በክፍል የተገኘችው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከቤቷ ሄደን እናቷን ብናነጋግራቸው አልሸሸጉንም። «ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ደብተሯም የሚገዛው ከዚሁ ነው» አሉን። ምን ብዬ ልመልስላቸው? መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

እስቲ የዓመቱን አካሄድ አስቡት። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። በአገራችን ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በጥር ይመጣል። ልጁ ያልተማረውን ይፈተናል፤ በውጤቱ ከክፍሉ 58ኛ ይወጣል፤ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አባቱም «ካልሆነለት ሥራ ይርዳኝ» ይላሉ። ስለዚህ በሚመጣው ኅዳር ከበፊቱ የበለጠ ይቀራል። ይህን ስናይ «ሰነፍ» የሚለው ቃል የልጁን ጠባይ የሚገልጽ ሳይሆን የቡናውን ወቅት የሚገልጽ ይሆናል። በዚህ ላይ አስተማሪው ከልጁ የሚጠብቀው ዝቅ ሲል የልጁም ውጤት ዝቅ ሊል እንደሚችል ብዙ ተጽፎአል። ሮዘንታልና ጄኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ጥናት በዚህ የታወቀ ነው፤ ምንም እንኳ ቁጥሮቹ ኋላ ብዙ ክርክር ቢያስነሡም። እኔ ግን ክርክሩን ትቼ የኋላ ረድፍ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው በደንብ አይታይም።

የፈተና ነገር ከተነሣ ዘንድ አልፍሬድ ቢኔን ሳላነሣ አላልፍም። የማሰብ ችሎታ ፈተና አባት የሚባለው ይህ የፈረንሳይ ሰው፣ ከሲሞን ጋራ እ.ኤ.አ. በ1905 ፈተናውን ያወጣው በፓሪስ ትምህርት ቤቶች ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለማወቅ ነበር፤ ለመርዳት እንጂ ለማባረር አይደለም። የሰው አእምሮ ልኩ ተወስኖ የተሰጠ ነው፣ አይጨመርበትም የሚሉትንም ከአራት ዓመት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አጥብቆ ተቃውሞአቸዋል። መሣሪያው ግን ከእጁ ወጥቶ በሌሎች አገሮች ሰውን በዘርና በመደብ ለማበላለጥ ዋለ። ሚዛን የሠራ ሰው ሚዛኑን ማን እንደሚይዘው አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን፣ ስለ ሥነ ልቡና ተማሪዎች ልናገር፤ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ። የመመረቂያ ጽሑፋችንን እንዴት እንደምንሠራ ሁላችን እናውቀዋለን። ከውጭ አገር የመጣ መጠይቅ እናገኛለን፤ በአንድ ሌሊት ወደ አማርኛ እንመልሰዋለን፤ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» የሚል ሳጥን እናደርግበታለን፤ ከዚያም አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር የገጠር ልጅ እናድላለን። እኔ ለ40 ልጆች ይህን አድርጌአለሁ። በመጠይቄ «ትምህርት ቤቴን እወዳለሁ» የሚል ነበረ፤ ልጆቹ ልባቸውን መናገራቸውን ለማረጋገጥም ዝቅ ብሎ «ትምህርት ቤቴን አልወድም» የሚል ነበረ። ከ40ው 31ዱ በሁለቱም ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብለው ምልክት አደረጉ። እንግዳን «አልስማማም» ማለት ነውር አይደለምን? ልጆቹ ጨዋ ነበሩ። እኔ ግን ይህን በኮምፒዩተር አስገብቼ እስከ ሁለት ዴሲማል ድረስ አማካዩን አወጣሁ። ሠንጠረዡ በጣም ያምር ነበር። የአማካሪዬን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ወረቀቱን መልሰው ሰጥተውኝ «ይህ የልጆቹን ጠባይ ሳይሆን የአስተዳደጋቸውን መልካምነት ነው የለካህ» አሉኝ።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መብት ሰጥቶአል። የጌዴኦም ልጅ በታችኞቹ ክፍሎች በጌዴኡፋ ይማራል፤ አማርኛንና እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት ይወስዳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በላቲን ፊደል ሁለት ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል አንድ ቋንቋ ማንበብ አለበት። ከዚህም በላይ በኩሽ ቋንቋዎቻችን አጻጻፍ፣ በአፋን ኦሮሞና በሲዳምኛ እንደምናየው፣ «ኤክስ» የተባለችው ፊደል የ«ጥ»ን ድምፅ ትይዛለች፤ በእንግሊዝኛው ሰዓት ደግሞ ሌላ ድምፅ ትሆናለች። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድን የ10 ዓመት ልጅ፣ እኛ በአንድ ፊደል ብቻ ጀምረን ያደግነው ሰዎች፣ ዘገየ ብለን ልንነቅፈው ምን አፍ አለን?

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የታችኞቹ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ጌዴኡፋ ከስድስቱ አልነበረበትም፤ ጎረቤታችን ሲዳምኛ ግን ነበረበት። በዚያ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፤ እነዚያ ልጆች ክፍል ሳይደግሙ ቢሄዱ ኖሮ በ2012 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ይደርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን እናውቃለን፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃና ስለ ፈተና አሰጣጥ ተከራከረ። ክርክሩ ባልከፋ፤ ነገር ግን ስለ 12ኛ ክፍል ስንከራከር የ2ኛ ክፍሉን ልጅ ማን አስታወሰው?

ስለ ጠባይ ደግሞ ጥቂት ልበል። በክፍል ውስጥ የማይቀመጥ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ያለ ምክንያት የሚማታ ልጅ «ረባሽ» ይባላል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎአል። ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆነው ነበር። በመማሪያ ክፍል ወለል ላይ ያደረ ልጅ ጥቂት ቆይቶ በዚያው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ሥነ ሕይወት ተማር ተባለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። በእነዚያ ዓመታት 1ኛና 2ኛ ክፍል የነበሩት ዛሬ ጎረምሶች ሆነዋል፤ አንዳንዶቻችን በልምምድ ጊዜ የምናገኛቸው እነርሱን ነው። ረባሽ ብሎ ከመጻፍ በፊት የዚያን ጊዜ የት ነበርክ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? በእርግጥ ያዘነ ሁሉ በጦርነት አይደለም ያዘነው፤ የሚረብሽም ሁሉ የቆሰለ አይደለም፤ አንዳንዱ እንዲሁ ልጅ ስለ ሆነ ነው። ዱላን በሚመለከት ግን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ነው ይላል። ለልምምድ ስንወጣ አለንጋ ወይም ጎማ በእጃችን የሚያስይዘን ሰው ቢኖር ይህን አንቀጽ በትሕትና እንጥቀስለት።

ታዲያ ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ከኋላ ስሰማ ነበር። እኔ ትልቅ መድኃኒት የለኝም። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ይዞ እያደጉ ሲሄዱ በየጊዜው ተከታትሎአቸዋል። ከዚያ የምወደው አንድ ነገር፣ ልጁን ከጎረቤቱ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከአምና ከራሱ ጋራ ማስተያየት መቻሉ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ እኛ የለንም፤ ግን አንድ ደብተር አለን። በደብተሩ ላይ ከማርኩ አጠገብ ልጁ የቀረበትን ቀንና ምክንያቱን፣ ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጠየቀና በቃል ሲጠየቅ ምን እንደ መለሰ መጻፍ እንችላለን። «ሰነፍ» ከሚለው ይልቅ «የኅዳሩን የነጥብ ቁጥር አልተማረችም» የሚለው ረዘም ይላል። ግን አስተማሪው ነገ ጠዋት ምን እንደሚያስተምር ይነግረዋል።

የትምህርቱ ዘመን ከቡናው ወቅት ጋራ ይስማማ የሚለውንም አሳብ እደግፋለሁ፤ ይህ ግን በዞኑና በክልሉ የሚወሰን ነው እንጂ በእኛ ስብሰባ አይደለም። መምህራን ወገኖቼ በዚህ ላይ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ብሔራዊው ፈተና ለሁሉም በአንድ ቀን ስለ ሆነ የጌዴኦ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል ይላሉ። ተገቢ ፍርሃት ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በእጃችን ያለውን እንሥራ።

ከጓደኛዬ ጋራ ለዚያች ልጅና ለሌሎች 11 ልጆች ሦስት ከሰዓት በኋላ ነጥብን በኪሎና በግራም አስተማርናቸው። ተአምር አልሆነም። ልጅቷ በሁለተኛው ፈተና ከ10 ያገኘችው 6 ነው፤ ሁለት ልጆች ደግሞ ከበፊቱም ዝቅ አሉ፤ ለምን እንደ ሆነ አላወቅንም። የክፍሉን ኃላፊ ይቅርታ ጠይቄ ያንን ማስታወሻ ተቀበልኩትና ቀደድኩት። ልጅቷን ወደ ፊት ወንበር መለሳት።

ከዚህ ቀደም፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ እየወጡ ያስተምሩ ነበር። እኛን የሚጠይቀን ዓመት አይደለም፤ ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከመድረሱ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት፣ ቅዳሜና እሑዱ ብቻ ነው። ወደ ኢዲዶ የሚሄድ መኪና ለማግኘት ኅብረቱ እየጣረ ነው። መሄድ የምትፈልጉ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስማችሁን ጻፉ። ጌዴኡፋ የምትናገሩ በተለይ ታስፈልጋላችሁ። ጠመኔ አለን፤ ደብተርም ተገኝቶአል። የኪሎ ሚዛን ግን የለንም፤ ያለው ሰው ቢያውሰን በደኅና እንመልስለታለን።